ከመረቡ ወዲህና ወዲያ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ከወደ ሰሜን፣ ከብርዱ አገር ከፊንላንድ ስለ ወጣ አንድ ሰው ነው። ፊንላንድ ሲባል ከመካከላችሁ ዕድሜ የጠገበው ወዲያው ሩጫ ትዝ እንደሚለው አውቃለሁ። በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩፅ ይፍጠር የአሥር ሺህ ሜትሩን ወርቅ ሲወስድ ተከትሎት ገብቶ ብሩን የያዘው ካርሎ ማኒንካ የሚባል ፊንላንዳዊ ነበር፤ ነሐሱም የኛው የመሐመድ ከድር ሆነ። በሁለት ኦሊምፒክ አራት ወርቅ የሰበሰበው ላሴ ቪረንም ያን ቀን አብሯቸው ሮጦ ከሜዳልያው ውጭ ቀርቷል። የዛሬው ሰው ግን ሯጭ አይደለም። መረብ ኳስ ተጫዋች ነበር፣ ኋላ አሰልጣኝ ሆነ፣ ስሙም ቱኦማስ ሳሜልቩኦ ይባላል። ዓመቱን ሁሉ የምቆጥርላችሁ በፈረንጆቹ ነውና እሱን ያዙልኝ።

የተወለደው ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1976 ፑዳስያርቪ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ከኦውሉ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወጣውን መንገድ ይዛችሁ፣ ግራና ቀኙን ጥድ ብቻ እያያችሁ፣ አሁንም ጥድ እያያችሁ፣ ኢዮኪ የሚባለው ወንዝ ዳር ስትደርሱ አገሩ ያ ነው። መሬቱ ሰፊ፣ ሰዉ ጥቂት ነው፤ ሕዝቡ አሥር ሺህ አይሞላም። በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ብቅ ትልና ሳታሞቅ ትጠልቃለች፤ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ሌሊቱ ጨርሶ አይጨልምም። ሰዎቹ በእንጨት የሚያምኑ ናቸው፤ በ2016 ከግንድ ብቻ የታነጸ ትልቅ ትምህርት ቤት ሠርተው በዓለም የሚተካከለው የለም አሉ። እኔም አልከራከራቸውም፤ ደን ያለው ሰው በግንድ ቢኮራ ያምርበታል።

በእንዲህ ያለ አገር ልጅ የሚጫወተው ጣሪያ ሥር ገብቶ ነው። ውጭው በረዶ ሲሆን አዳራሽ ውስጥ መረብ ይወጠራል፣ ሰዎች በዚህና በዚያ ይሰለፋሉ፣ ኳሷም መሬት ሳትነካ ትመላለሳለች። በፊንላንድ ይህ ጨዋታ የትልልቅ ከተሞች ብቻ አይደለም፤ ትንንሾቹ ከተሞች የራሳቸው አድርገውት ኖረዋል፤ ቱኦማስም ከአንዷ ተነሥቶ አደገ፣ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ገባ፣ ከዚያም እንደ ዘመኑ ጎበዝ ተጫዋቾች ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ ጣሊያን ወረደ፤ የዓለም ምርጦች የሚሰበሰቡት ያኔ እዚያ ነበርና። ኋላም ወደ ሩሲያ ወጥቶ ተጫወተ።

ቦታው ምን እንደነበር ልንገራችሁ፣ የሰውየው ጠባይ የሚገባችሁ ከዚያ ነውና። ከክንፍ የሚያጠቃ፣ ግን ደግሞ ሰርቭ የሚቀበል ተጫዋች ነበር። ተቃራኒው ወገን ኳሷን በሙሉ ጉልበቱ መትቶ ሲልክ እሱ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት ክንዱን አጋጥሞ፣ እንዳትሰበር እንደሚጠነቀቁላት እንቁላል አለስልሶ ይቀበላታል፤ ለአቀባዩ ይልካታል፤ ከዚያ ትንፋሽ ሳይሰበስብ ሮጦ፣ ዘሎ፣ ያችኑ ኳስ ከመረቡ በላይ አግኝቶ ይመታታል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው። እኛ ዘንድ ረጅም ይባላል፤ 2 ሜትር ከ18 የሆነው ሩሲያዊው ሙሰርስኪይ ከሚቆምበት መረብ ሥር ግን አጭር ነው። አጭር የሆነ ሰው ደግሞ በጉልበት የሚያጣውን በዓይኑ ይፈልጋል፤ የማን ትከሻ ወዴት እንዳዘነበለ፣ የማን እግር እንደዘገየ ያያል። አሰልጣኝነቱ የተጀመረው እዚያው ሜዳው ውስጥ ይመስለኛል።

ታዲያ በዚያው ዘመን ማውሮ ቤሩቶ የሚባል ጣሊያናዊ፣ የቱሪን ሰው፣ ፊንላንድን ሊያሠለጥን መጣ። ይህ ሰው ፍልስፍና የተማረ፣ መጽሐፍ የሚጽፍ፣ ነገር የሚወድ ነው፤ ኋላ የገዛ አገሩን ቡድን ለንደን ላይ ነሐስ አስጨብጧል፣ እንዲያውም በ2022 ፓርላማ ገብቷል። ዝምተኞቹን ፊንላንዳውያንና ይህን ተናጋሪ ሰው ማን እንዳስማማቸው እንጃ፤ ተስማሙ ግን። በ2007 የአውሮፓ ሻምፒዮና ሩሲያ ላይ ሲዘጋጅ ፊንላንድ ማንም ሳይጠብቃት አንዱን ጥላ፣ ሌላውን ጥላ፣ አራቱ ውስጥ ገባች፤ አምበሉም ሳሜልቩኦ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ተሸነፉ፣ ለነሐሱም ሲጫወቱ ሰርቢያ ቀደመቻቸው፣ አራተኛ ሆነው ባዶ እጃቸውን ወጡ። እነሱ ግን አራተኛነቱን እስከ ዛሬ እንደ ድል ያወሩታል። በፍጻሜው ደግሞ ባለቤቷ ሩሲያ በገዛ ሕዝቧ ፊት፣ በሞስኮ አዳራሽ፣ በስፔን 3 ለ 2 ተረታች። ያን አምስተኛ ዙር አትርሱት፤ ሩሲያና አምስተኛ ዙር በዚህ ወሬ ውስጥ ዳግመኛ ይገናኛሉ።

ከዚያ ጉልበት ደከመ፣ ዓመት ሄደ፣ ጫማው ተሰቀለ። በ2013 የፊንላንድን ብሔራዊ ቡድን ተረከበ፣ ትናንት አብረውት ላብ ያፈሰሱትን ሰዎች ዛሬ ዳር ቆሞ ሊያዝ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኩያውን ያዘዘ ሰው ያውቀዋል። በማግስቱ ዓመት ፊንላንድ ከ1982 ወዲህ፣ ከ32 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ተመለሰች፤ ውድድሩ ፖላንድ ውስጥ ነበረና ከነብራዚል፣ ከነጀርመን፣ ከነኩባ ጋር ካቶቪትሴ ላይ ተመደበች። ዝም ይላል የሚባለው ያ ሕዝብ በሺህ እየሆነ፣ ሰማያዊና ነጭ ለብሶ፣ ባሕር ተሻግሮ ከተማዋን ሞላት። ቡድኑ ዘጠነኛ ወጣ። ዘጠነኛ ለብራዚል ሐዘን ነው፣ ለነሱ ግን በዓል ሆነ።

አሁን ወደ ምሥራቅ እንሂድ፤ መንገዱ ረጅም ነው። ከሞስኮ ወደ ፀሐይ መውጫ በረራችሁን ይዛችሁ፣ ኡራልን አልፋችሁ፣ ሰዓታችሁን አራት ጊዜ ወደ ፊት አዙራችሁ ስትወርዱ ሳይቤሪያ ውስጥ ኬሜሮቮ የምትባል ከተማ ትቀበላችኋለች። ቶም የሚባል ወንዝ አለ፣ ከመሬት ሥር የድንጋይ ከሰል አለ፣ የሕዝቡም እንጀራ ከዚያ ጉድጓድ ነው የሚወጣው። በማርች 2018 በዚያች ከተማ አንድ የገበያ ማዕከል ተቃጥሎ ስልሳ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ለመዝናናት የገቡ ልጆች ነበሩ። ሳሜልቩኦ ኩዝባስ የሚባለውን የከተማውን ቡድን ሊያሠለጥን የደረሰው በዚያው ዓመት፣ ሐዘኑ ገና ሳይደርቅ ነው።

የሩሲያን ሻምፒዮንነት ያኔ ማን ይይዘው ነበር ብትሉ፣ ዜኒት ካዛን፤ አምስት ዓመት በተከታታይ። ገንዘቡ እዚያ፣ ኮከቡ እዚያ፤ ማክሲም ሚካይሎቭ የሚባለው አጥቂ አለ፣ ፈረንሳዊው ኤርቪን ንጋፔት አለ፤ ይህን ሁለተኛውን ስም ያዙልኝ። ታዲያ በ2019 የማዕድን ቆፋሪዎቹ ልጆች፣ ኢጎር ኮብዛር ኳሱን እያቀበለ፣ ቪክቶር ፖሌታዬቭ እየመታ፣ ከኋላ ደግሞ ላውሪ ኬርሚኔን የሚባል ሌላ ፊንላንዳዊ ሊቤሮ መሬት ለመሬት እየተወረወረ ኳስ እያነሣ፣ ለፍጻሜ ደርሰው ካዛንን ጣሏት። ኩዝባስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ዋንጫ የሞተ አያስነሣም፣ እኔም እንዲያ አልላችሁም። ቢሆንም ዓመት ሙሉ በሐዘኗ ብቻ ስትጠራ የኖረች ከተማ ስሟ በሌላ ነገር ሲነሣ ማየት አንድ ነገር ነው።

በዚያው ዓመት ሞስኮ ጠራችውና የሩሲያን ብሔራዊ ቡድን ሰጠችው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ፊንላንድና ሩሲያ 1,340 ኪሎ ሜትር ገደማ ድንበር ይጋራሉ። በኖቬምበር 30 ቀን 1939 የስታሊን ጦር ያን ድንበር ጥሶ ገባ፤ በረዶው እስከ ጉልበት፣ ብርዱ አጥንት ድረስ እየገባ ፊንላንዳውያኑ 105 ቀን ተዋጉ፤ መጨረሻው ግን ካሬሊያን አስረክቦ መታረቅ ሆነ፣ ከአራት መቶ ሺህ በላይ ሰውም ቤቱን ጥሎ ወጣ። በነገራችን ላይ ያ የጄኔቫው የመንግሥታት ማኅበር፣ ጣሊያን ሲወረን የኛን ጩኸት ሰምቶ እንዳልሰማ የሆነው፣ ያኔ ሶቪየት ኅብረትን አባርሯል፤ ለነሱ የተገኘው ድፍረት ለኛ ለምን እንዳልተገኘ አባቶቻችን ሲጠይቁ አርፈዋል። እናም አንድ ፊንላንዳዊ የሩሲያ ቡድን መሪ ሆኖ መቆሙ ተራ ነገር አልነበረም። ግን ዘመኑ የሰላም ይመስል ነበር፤ ከሄልሲንኪ ሴንት ፒተርስበርግ ባቡር ቀን በቀን ይመላለስ ነበር፣ ነጋዴው ይሻገር ነበር፣ ስፖርተኛውም እንዲሁ። እሱም ራሱ በልጅ ጉልበቱ እዚያ ተጫውቶ፣ ሰዉን ለምዶ ነበር። ተሻገረ እንግዲህ። በጁላይም ቺካጎ ላይ አሜሪካን በገዛ ሜዳዋ 3 ለ 1 አሸንፎ የኔሽንስ ሊግን ዋንጫ ወሰደ።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣና ዓለም ተዘጋ፣ የ2020 ኦሊምፒክም ዓመት ዘግይቶ በ2021 ቶኪዮ ላይ ተከፈተ። ያን ኦሊምፒክ እናንተም ታስታውሱታላችሁ፤ ሰለሞን ባረጋ የአሥር ሺሁን ወርቅ ያመጣበት ነው፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ። ሩሲያውያን በዶፒንጉ ቅጣት ምክንያት በአገራቸው ስም፣ በባንዲራቸውና በመዝሙራቸው እንዳይቀርቡ ተከልክለው በኦሊምፒክ ኮሚቴያቸው ስም ገቡ። እንግዲህ አስቡት፦ ፊንላንዳዊ አሰልጣኝ፣ ባንዲራ የሌለው ቡድን፣ ተመልካች የሌለው አዳራሽ።

ምድባቸውን በአንደኝነት ጨረሱ። ያሸነፋቸው አንድ ቡድን ብቻ ነበር፣ ፈረንሳይ። ፈረንሳይ ደግሞ በምድቡ ከአምስት ጨዋታ ሁለቱን ብቻ አሸንፋ በአራተኛነት በጠባብ በር የሾለከች ናት፤ ያ ሩሲያውያንን ያሸነፈችበት ቀን ባይኖር ኖሮ ሻንጣዋን ሸክፋ ነበር።

በግማሽ ፍጻሜው የገጠመቻቸው የሪዮ ሻምፒዮን ብራዚል ናት። አሰልጣኟ ሬናን ዳል ዞቶ በዚያው ዓመት በኮሮና ታሞ ሳምንታት ሆስፒታል ተኝቶ፣ ሞትን በዓይኑ አይቶ የተመለሰ ሰው ነው። አንድ ዙር ብራዚል፣ አንድ ዙር ሩሲያውያን፤ ሦስተኛው ላይ ብራዚል 20 ለ 12 መራች። 20 ለ 12! መረብ ኳስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ዙሩ በ25 የሚያልቅ ጨዋታ ነው፤ እንዲህ ሲሆን አሰልጣኝ ሁሉ ዋና ተጫዋቾቹን አሳርፎ ለሚቀጥለው ዙር ያስባል። አሰልጣኝ እረፍት ቢጠይቅ የሚሰጠው ሠላሳ ሰከንድ ነው፤ በሠላሳ ሰከንድ ሰው ምን ይመከራል? እነሱ ግን አንድ አነሡ፣ ሌላ አነሡ፣ ብሎካቸው መረቡ ላይ ቆመ፣ ብራዚሎቹ ዞር ብለው ቦርዱን ማየት ጀመሩ፣ ያንን ዙር 26 ለ 24 ወሰዱት። አራተኛውንም ጨርሰው ለፍጻሜ ደረሱ።

ኦገስት 7። ፍጻሜው ከማን ጋር ነው? ከዚያችው ከፈረንሳይ ጋር። በመረቡ ማዶ ማን ቆሟል? ንጋፔት፣ በ2019 በኬሜሮቮ ልጆች ዋንጫውን የተነጠቀው፤ ሩሲያ ውስጥ ሦስት ዓመት ተጫውቶ የእያንዳንዱን አመታት ያጠና። ከኋላ ኳስ የሚያነሣው ሊቤሮ ዤኒያ ግሬበኒኮቭም ሬን ውስጥ የተወለደ የሩሲያዊ ልጅ ነው። በመረቡ ወዲህ ደግሞ ሚካይሎቭ አለ፣ ከኬሜሮቮ ዘመን ኮብዛርና ፖሌታዬቭ አሉ። ፈረንሳይ የመጀመሪያውን 25 ለ 23፣ ሁለተኛውን 25 ለ 17 ወሰደች። አበቃ ተባለ። ሚካይሎቭ ግን በ2012 ለንደን ላይ በብራዚል 2 ለ 0 ተመርተው ተነሥተው ወርቅ ሲወስዱ የነበረ ሰው ነው፤ ይህን መንገድ ያውቀዋል። 25 ለ 21 አሉ፣ እንደገና 25 ለ 21 አሉ፣ አምስተኛው ዙር መጣ፤ ያ አትርሱት ያልኳችሁ አምስተኛ ዙር። በ15 የሚያልቅ፣ ትንፋሽ የማይሰጥ። 15 ለ 12 ተጠናቀቀ፣ ወርቁም የፈረንሳይ ሆነ፤ በታሪኳ የመጀመሪያው።

ተጫዋቾቹ ብሩን አንገታቸው ላይ አደረጉ። ሳሜልቩኦ ምንም አላደረገም፤ በኦሊምፒክ ሕግ ለአሰልጣኝ ሜዳልያ አይሰጥም። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው አንድም ቀን ዳር ላይ ቆሞ ሌላው ሲዘል ልቡ ያልዘለለበት መሆን አለበት።

ቀጣዩ ቀጠሮ ትልቅ ነበር። የ2022ቱ የዓለም ሻምፒዮና እዚያው ሩሲያ ውስጥ ሊደረግ ተወስኖ፣ አዳራሹ ተዘጋጅቶ፣ ቡድኑም በገዛ ሕዝቡ ፊት ሊቆም ተሰናድቶ ሳለ፣ በፌብሩዋሪ 24 ሩሲያ ጦሯን ዩክሬን አስገባች። ከአምስት ቀን በኋላ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ውድድሩን ነጠቃት፤ ኋላ ለፖላንድና ለስሎቬኒያ ተሰጠ። በማርችም ሳሜልቩኦ ከሩሲያ ቡድን አሰልጣኝነት ወረደ። በዚያው ወር መጨረሻ ያ የሄልሲንኪና የሴንት ፒተርስበርግ ባቡር ቆመ፤ እስካሁንም አልተነሣም።

ስፖርት ሌላ፣ ፖለቲካ ሌላ የሚል ሰው አይጠፋም፣ እኔም ብዙ ጊዜ እሱ ወገን ነኝ። ግን የ1939ን ወሬ በየቤቱ እየሰማ ያደገ ሰው የጎረቤቱ ድንበር ሲጣስ አይቶ፣ እዚያው ቆሞ ሰርቭ ያስቆጥር ማለት ከሰው የማይጠየቅ ነው። እነዚያ ልጆችስ? ፖሌታዬቭስ፣ ኮብዛርስ? እነሱ ጦር አልላኩም። ዓመቶቻቸው ግን ሄዱ፤ ፓሪስም በ2024 ቡድናቸው ሳይረግጣት አለፈች፣ የተጫዋች ጉልበት ደግሞ ተቀምጦ አይጠብቅም። ሁለቱንም ነገር በአንድ ልብ መያዝ ይቻላል፤ እኔ ይዤዋለሁ።

እሱ ከዚያ ወደ ፖላንድ ሄደ። ዓመቱ የዩክሬን እናቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው ይዘው በሚሊዮን ወደዚያው አገር የሚገቡበት ነው። ኦደር ወንዝ ዳር፣ ኬንጀዢን ኮዥሌ በምትባል የኬሚካል ፋብሪካ ከተማ፣ ዛክሳ የሚባለውን ቡድን ተረከበ። መከራው ይህ ነበር፦ ዛክሳ በ2021 ከሰርቡ ኒኮላ ግርቢች ጋር፣ በ2022 ከሮማኒያዊው ጌዮርጌ ክረፁ ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አሸንፏል። እንግዲህ ለተረከበው ሰው ምን ቀረለት? ካሸነፈ እንደተለመደው ነው፣ ከተሸነፈ ያበላሸው እሱ ነው።

ዓመቱ እየገፋ ሄደ፤ የፖላንድን ዋንጫ ወሰዱ፣ በአውሮፓም ፔሩጃን በግማሽ ፍጻሜ አሰናበቱ። የአገሩን ሊግ ፍጻሜ ግን በያስትዤምብስኪ ተነጠቁ፤ ይህም የጎረቤት ቡድን ነው፣ የከሰል ማዕድን ቡድን። ቁስሉ ሳይሽር በሜይ 20 ቀን 2023 ለሻምፒዮንስ ሊጉ ፍጻሜ ከዚያው ከያስትዤምብስኪ ጋር ተገናኙ። ሁለት የፖላንድ ቡድኖች ለዚያ ፍጻሜ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የተገናኙበትም ከተማ ቱሪን፣ የቤሩቶ አገር። አምስት ዙር ሄደ። አሁን ግን አምስተኛው የሳሜልቩኦ ሆነ፤ 3 ለ 2። ዛክሳ ሦስት ዓመት በሦስት አሰልጣኝ ሦስት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን ተባለ።

በተከታዩ ዓመት የዛክሳ ተጫዋቾች አንዱ ሲድን ሌላው እየተጎዳ፣ ቡድኑ ወደ ታች ወረደ፣ ውድድሩም ሳያልቅ ከሳሜልቩኦ ጋር ተለያዩ። የአሰልጣኝ ኑሮ እንዲህ ነው፤ ስንብቱ ከቱሪኑ ምሽት ዓመት እንኳ አልሞላውም።

በ2024 ዤሹፍ ከተማ ያለው ሬሶቪያ ቀጠረው። ዤሹፍ ከፖላንድ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ናት፣ የዩክሬን ድንበር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃታል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያሾንካ የሚባል የአውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ ከምዕራብ ለዩክሬን የሚላከው ርዳታ ብዙው እዚያ ያርፍና በመኪና ተጭኖ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ባርቶሽ ቤድኖዥ የሚባል አጥቂ ከዛክሳ ወደዚያው ቡድን መጥቶ አገኘው፤ እሱም ጦርነቱ በተነሣበት ዓመት ለካዛን ይጫወት የነበረ ፖላንዳዊ ነው። ሁለቱም ትናንት በሩሲያ አዳራሾች የሠሩ ሰዎች፣ አንዱ በፉጨት አንዱ በክንዱ፣ በዚያች የድንበር ከተማ አዲሱን የውድድር ዘመን ልምምድ ጀመሩ።